የልብ ምት መለዋወጥን ከትንፋሽ ጋር መለካት፦ በራሱ ለሚተነፍስም፣ ቬንቲሌተር ላይ ላለም

ከድሬዳዋም ከሐረርም፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሚሠሩ ነርሶችና ሐኪሞች ደጋግሞ የሚመጣልን ጥያቄ አንድ ነው፦ «የዚያንኑ ታካሚ የልብ ምት መለዋወጥ ጠዋት ስለካው 31 ሚሊሰከንድ፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ 9 መጣ። ልቡ ተበላሸ ማለት ነው?» መልሳችን ሁልጊዜ በጥያቄ ይጀምራል። በሁለቱም ሰዓት በደቂቃ ስንት ጊዜ ይተነፍስ ነበር? የሚተነፍሰውስ በራሱ ነው ወይስ በማሽን? አብዛኛውን ጊዜ ይህ ወረቀቱ ላይ የለም። ካልተጻፈ ደግሞ ሁለቱን ቁጥሮች ማወዳደር አይቻልም።

ይህ መመሪያ ኤችአርቪ የሚባለውን የልብ ምት መለዋወጥ (በተከታታይ ምቶች መካከል ያለው ጊዜ መለያየት) ስትለኩ ትንፋሹን አብራችሁ እንዴት እንደምትይዙት ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ድሬ ላይ «ቬንቲሌተር» ሲባል ጣሪያ ላይ የሚዞረውን ማራገቢያ የሚያስብ አይጠፋም፤ እዚህ ቬንቲሌተር ያልነው መተንፈሻ ማሽኑን ብቻ ነው። ማራገቢያውም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው፤ በኋላ እንመጣበታለን።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ቁጥሩ ከየት ይመጣል

አየር ስናስገባ ልብ ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይዘገያል። ልብን የሚይዘው ልጓም ቬገስ ነርቭ ነው። ትንፋሽን የሚመራው የአንጎል ክፍል አየር በምናስገባበት ቅጽበት የቬገስን ትእዛዝ ያፍነዋል፣ ስናስወጣ መልሶ ይለቀዋል። የሳንባ መለጠጥና ከትንፋሹ ጋር የሚወጣ የሚወርደው የደም ግፊትም የየራሳቸውን ይጨምራሉ። ትንፋሹ ዝግ ሲል መወዛወዙ ይሰፋል፣ ሲፈጥን ይጠባል። ጥልቀቱ ሲጨምርም እንዲሁ ይሰፋል። እንግዲህ ሰውየው ላይ ምንም ሳይለወጥ፣ አተነፋፈሱ ብቻ ተቀይሮ ቁጥሩ እጥፍ ሊሆን ወይም በግማሽ ሊወርድ ይችላል።

ቬንቲሌተር ሲገባበት ነገሩ ይወሳሰባል። በራሱ የሚተነፍስ ሰው ደረቱ ሲሰፋ በውስጡ ያለው ግፊት ይወርድና ደም ወደ ልብ ይሳባል። ማሽን ግን አየሩን ገፍቶ ስለሚያስገባ በዚያው ቅጽበት የደረት ግፊት ይጨምራል፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል። ታካሚው በማስተኛ መድኃኒት በጥልቅ ከተኛ ደግሞ ከአንጎል የሚመጣው የትንፋሽ ትእዛዝ ራሱ ደክሟል። ስለዚህ መለዋወጡ ያንሳል፣ አንዳንዴም ይገለበጣል፦ ማሽኑ አየር ሲያስገባ ልብ ሲዘገይ ታያላችሁ። ጨርሶ ግን አይጠፋም። ነርቭ ያልተያያዘለት የተተከለ ልብ እንኳ፣ ምት አመንጪው የልብ ክፍል ከትንፋሹ ጋር ስለሚለጠጥ ብቻ፣ ትንሽ መወዛወዝ ያሳያል። ማሽን ላይ ባለ ታካሚ የምታዩት ትንሽ መለዋወጥ ሁሉ የነርቭ ሥራ ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ መስመር) መቅዳት የሚችል ሞኒተር ወይም ሆልተር የሚባለው ተንቀሳቃሽ መቅጃ። በሰከንድ ቢያንስ 250 ናሙና መውሰድ አለበት፤ ማሽን ላይ ላለ ታካሚ ግን 500 እና ከዚያ በላይ ይሁን። 250 ማለት በየ4 ሚሊሰከንዱ አንድ ናሙና ነው። በጥልቅ የተኛ ሰው መለዋወጥ 6 ሚሊሰከንድ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ በ4 የሚዘል መስፈሪያ አይበቃውም።
- 3 ወይም 5 አዲስ ኤሌክትሮድ። ፓኬቱ ተከፍቶ የከረመ ከሆነ ጄሉ ደርቋል፤ ተዉት።
- ምላጭ፣ ጋውዝ፣ አልኮል፣ ደረቅ ፎጣ፣ ፕላስተር።
- ትንፋሽ የሚመዘግብ ነገር፦ የደረት ቀበቶ፣ ካፕኖግራፍ (በትንፋሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ) ወይም የቬንቲሌተሩ ግራፍ። ይህ ሁሉ ከሌለ ሰከንድ የሚያሳይ ሰዓትና የሚቆጥር ሁለተኛ ሰው።
- ሜትሮኖም (በእኩል ጊዜ ድምፅ የሚሰጥ)። ስልክ ላይ ያለው ይበቃል።
- የምቶቹን ርቀት በሚሊሰከንድ የሚያወጣ ሶፍትዌር ያለበት ላፕቶፕ።
- የታካሚው ቻርትና ባዶ ወረቀት።

የጣት ኦክሲሜትር ዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ተረስቶ አይደለም። ጣት ላይ የሚታየው ምት ከልብ ተነስቶ ጣት እስኪደርስ የሚፈጅበት ጊዜ ራሱ ከትንፋሽ ጋር ይቀያየራል። ማሽኑ ደረት ውስጥ ግፊት በሚፈጥርበት ታካሚ ላይ ደግሞ ይብሳል። የእጅ ሰዓቶችም የሚሠሩት በዚያው መንገድ ነው።

ማስጠንቀቂያ

ለልኬት ብላችሁ የቬንቲሌተሩን ሴቲንግ አትንኩ፣ ማስተኛ መድኃኒት አትጨምሩ አትቀንሱ፣ አላርም አታጥፉ። ልኬቱ ታካሚውን ይከተላል እንጂ ታካሚው ልኬቱን አይከተልም።

የመተንፈሻ ቲዩብ ለማውጣት ወይም ላለማውጣት በዚህ ቁጥር ብቻ አትወስኑ።

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (ሥርዓት የለሽ የልብ ምት) ያለበትን፣ ፔስሜከር የሚመታለትን፣ ትርፍ ምት የሚበዛበትን ታካሚ አትለኩ። ሶፍትዌሩ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ቁጥሩ ግን ስለ ቬገስ ነርቭ ምንም አይናገርም።

ደረጃ 7 ላይ ያለውን የጥልቅ ትንፋሽ ሙከራ፣ አስም ለተነሳበት፣ ደረቱን እያመመው ላለ ወይም ትንፋሽ ላጠረው ሰው አታድርጉ። ሲሞክር ራሱን ካዞረው ወይም ጣቶቹን ከነዘረው ወዲያው አቁሙ።

ክፍል አንድ፦ በራሱ የሚተነፍስ ሰው

1. ሰዓት ምረጡ። ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለኩ፣ ደግማችሁ ስትለኩም በዚያው ሰዓት ይሁን። ድሬ ላይ ቀትር ካለፈ ሙቀቱ ራሱ ልብን ያፈጥናል፣ ላቡ ኤሌክትሮዱን ያላቅቃል። ሐረር አየሩ ቀለል ቢልም ሁለተኛው ምክንያት እዚያም ይሠራል፦ ከምሳ በኋላ የበርጫ ሰዓት ነው።

2. የወሰደውን ጠይቁ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብን የሚያፈጥን፣ የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርግ አነቃቂ ነው፤ እንቅልፍ አሳጥቶም የማግስቱን ልኬት ይነካል። ከተቃመ 24 ሰዓት ካልሞላው ቀጠሮውን አሻግሩ፤ ማሻገር ካልተቻለ የተቃመበትን ሰዓት ጻፉ። ቡና፣ ሻይ፣ ሆጃ፣ ሲጋራና ሺሻ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ይቁሙ። በረመዳን ወይም በሌላ ጾም ላይ ከሆነ መጨረሻ የበላበትን ሰዓት መዝግቡ። ስትጠይቁ አትቆጡ፤ ለሚቆጣ ሰው የሚሰጠው መልስ «አልቃምኩም» ብቻ ነው።

3. ቆዳውን አዘጋጁ። ፀጉር ካለ ላጩ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ እስኪደርቅ 30 ሰከንድ ያህል ጠብቁ፣ በደረቅ ጋውዝ ቀስ ብላችሁ ፈትጉት። አልኮሉ ሳይደርቅ የተለጠፈ ኤሌክትሮድ 5 ደቂቃ ሳይሞላው ይንሸራተታል። ሁለቱን ከአንገት አጥንት (ክላቪክል) በታች በግራና በቀኝ፣ ሦስተኛውን በግራ ጎን ከጎድን አጥንት በታች ለጥፉ። ከዚያ የኢሲጂው ሹል ጫፍ ጎልቶ የሚታይበትን ሊድ (የኢሲጂ መስመር) ምረጡ፦ ሶፍትዌሩ ምት የሚቆጥረው በዚያ ጫፍ ነው። ሽቦውን ደረት ላይ በፕላስተር ያዙት።

4. 10 ደቂቃ ይረፍ። በጀርባው ተኝቶ፣ ራስጌው 30 ዲግሪ ከፍ ብሎ። የጀጎልን ዳገት ወጥቶ የመጣ ሰው 20 ደቂቃ ቢያርፍ ይሻላል። በዕረፍቱም በልኬቱም አያናግሩት። የሚያወራ ሰው አየሩን የሚያስወጣው በዓረፍተ ነገሩ ርዝመት ነው፤ የልቡ መወዛወዝም ያንን ይከተላል። ስልኩ በሌላ ሰው እጅ ይቆይ።

5. እንደ ልማዱ እየተነፈሰ 5 ደቂቃ ቅዱ። ትንፋሹን ቁጠሩ፣ ግን እየቆጠራችሁ መሆኑን አትንገሩት፤ ያወቀ ሰው አተነፋፈሱን ሳያስበው ይለውጣል። ከ5 ደቂቃ ያነሰ ቅጂ ለድግግሞሽ ትንተና (መወዛወዞቹን በፍጥነታቸው ለይቶ ለሚያሳየው ስሌት) አይበቃም። ለምን ቢባል፣ ዝግ ያሉት መወዛወዞች በቂ ጊዜ ሳይደጋገሙ ቅጂው ያልቃል።

6. በሜትሮኖም ሌላ 5 ደቂቃ ቅዱ። በደቂቃ 12 ትንፋሽ፦ 2 ሰከንድ ማስገባት፣ 3 ሰከንድ ማስወጣት። ይህን የምታደርጉት ሁለት ቀን የተወሰደን ልኬት በአንድ ሚዛን ለማስቀመጥ ነው። «በኃይል ተንፍስ» አትበሉ። «እንደ ወትሮህ፣ ብቻ ከድምፁ ጋር» በቂ ነው። በቃል መምራት ብዙ ጊዜ እክል ያመጣል፤ ለታካሚው የሚቀለው አማርኛ ላይሆን ይችላል፣ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ይሆናል፣ ሐረር ላይ ደግሞ ሐረሪ። ስለዚህ በእጅ ተስማሙ፦ መዳፍ ወደ ላይ ሲወጣ ይሳባል፣ ሲወርድ ይለቃል። ለ1 ደቂቃ ከተለማመደ በኋላ ብቻ መቅዳት ጀምሩ። ድሬ አንቱታ አታበዛም፤ ቢሆንም ከሌላ አገር የመጡ አዛውንት ሲሆኑ «ይሳቡ፣ ይልቀቁ» በሏቸው፤ የተከፋ ሰው ልብ ለልኬት አይሆንም።

7. የጥልቅ ትንፋሽ ሙከራ፣ 1 ደቂቃ። ይህ በተለይ የስኳር ሕመም ነርቭን ጎድቶ እንደሆነ ለማየት የቆየና ቀላል ሙከራ ነው። 5 ሰከንድ በጥልቀት ማስገባት፣ 5 ሰከንድ ማስወጣት፤ በደቂቃ 6 ዙር ይሆናል። በእያንዳንዱ ዙር ከፍተኛውን የልብ ምት ከዝቅተኛው ቀንሱ። ለምሳሌ ሲያስገባ 84፣ ሲያስወጣ 66 ከሆነ ልዩነቱ 18 ነው። የስድስቱን አማካይ ውሰዱ። 15 እና ከዚያ በላይ ደህና፣ ከ11 እስከ 14 አጠራጣሪ፣ 10 እና ከዚያ በታች ዝቅተኛ ተብሎ ይያዛል። ልዩነቱ ዕድሜ ሲገፋ ስለሚጠብ የ70 ዓመት አዛውንትን በ25 ዓመት ወጣት መለኪያ አትፍረዱ። ሙከራውን የምታደርጉት ከሌሎቹ ሁለት ቅጂዎች በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተደረገ ጥልቅ ትንፋሹ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አውርዶ ቀጣዩን ቅጂ ያዛባዋል።

ክፍል ሁለት፦ ቬንቲሌተር ላይ ያለ ታካሚ

8. ኢሲጂውን ሳትነኩ ማሽኑን አንብባችሁ ጻፉ። ሞዱ (ማሽኑ የሚሠራበት ስልት)፣ የተሞላው የትንፋሽ ቁጥር፣ ጠቅላላው የትንፋሽ ቁጥር፣ ታይዳል ቮሊዩም (በአንድ ትንፋሽ የሚገባው አየር) በሚሊሊትር፣ ፒፕ (PEEP፣ አየር ከወጣ በኋላ ሳንባ ውስጥ የሚቀረው ግፊት)፣ ፕሬዠር ሰፖርት (ታካሚው ራሱ ሲስብ ማሽኑ የሚጨምርለት ግፊት) ካለ መጠኑ፣ አየር ማስገቢያው ጊዜ በሰከንድ። «የተሞላ» እና «ጠቅላላ» የሚለውን አትለፉት። ማሽኑ 14 ላይ ተሞልቶ ታካሚው ከራሱ እየጨመረ 22 ሊተነፍስ ይችላል። ልቡ የሚወዛወዘው በ22 ነው፤ 14 ብላችሁ ከጻፋችሁ ትንተናው ላይ የትንፋሹን ጫፍ በተሳሳተ ቦታ ትፈልጉታላችሁ።

ፒፕን መጻፍ የሚያስፈልገው ፒፕ ሲጨምር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ስለሚቀንስ ነው። የደም ግፊት ከወረደ ሰውነት ልብን በማፍጠን ያካክሳል፤ መለዋወጡም አብሮ ይጠባል። ታይዳል ቮሊዩም የሚጻፈው ደግሞ ሳንባው በተለጠጠ ቁጥር መወዛወዙ ስለሚሰፋ ነው። በቁመት ከሚሰላው ክብደት አንጻር በኪሎ 6 ወይም 8 ሚሊሊትር መሆኑ ለውጥ ያመጣል።

9. መድኃኒቱን ከነሰዓቱ ጻፉ። አትሮፒን የቬገስን ሥራ ስለሚዘጋ ከትንፋሽ ጋር ያለውን መወዛወዝ ሊያጠፋው ይቃረባል። ፕሮፖፎልና ሌሎች ማስተኛዎች፣ ሞርፊንና ፌንታኒል፣ ቤታ ብሎከር፣ በነቡላይዘር የሚሰጥ ሳልቡታሞል፣ አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን፣ ሁሉም ይነካሉ። መጠኑ ባለፈው 1 ሰዓት ውስጥ ከተቀየረ ልኬቱን አቆዩት።

10. ማሽኑ ራሱ ሐሰተኛ ትንፋሽ እንዳይሰጥ አረጋግጡ። ቱቦው ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ሲወዛወዝ ማሽኑ «ታካሚው ሳበ» ብሎ ያልተጠየቀ አየር ይልካል። ውሃው ወደ ታካሚው እንዳይፈስ ቱቦውን ወደ ውሃ መያዣው አዘንብላችሁ አፍስሱ። ቀስቃሹ (ታካሚው ሲስብ ማሽኑን የሚያስነሳው ትሪገር) ከመጠን በላይ ስስ ሆኖ ከተሞላ ደግሞ የልብ ምቱ ራሱ ማሽኑን ይቀሰቅሰዋል፤ ያኔ ልብ ትንፋሹን እየመራ እናንተ ትንፋሽ ልብን መራ ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ይህን ከጠረጠራችሁ ለሐኪሙ ወይም ለማሽኑ ኃላፊ ንገሩ፤ ለልኬቱ ስትሉ ራሳችሁ አትንኩት። ሰክሽን (አክታ መምጠጥ) ከተደረገ፣ ታካሚው ከተገላበጠ ወይም ነቡላይዘር ከወሰደ ቢያንስ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

11. ሰዓቶቹን አስማሙ። ይህ ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ቅጂ የሚበላሸው እዚህ ነው። ሞኒተሩ 9:10 ይላል፣ ቬንቲሌተሩ 9:04፣ ነርሷ ቻርቱ ላይ በእኛ አቆጣጠር 3:10 ብላ ጽፋለች። ከሳምንት በኋላ ፋይሉን የሚከፍት ሰው ሰክሽኑ ከልኬቱ በፊት ይሁን በኋላ አያውቅም። የሦስቱንም ሰዓት በአንድ ቅጽበት አይታችሁ በአንድ መስመር ጻፉ፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ጨምሩበት።

12. 5 ደቂቃ ቅዱ፣ አልጋው አጠገብም ቁሙ። ዓይናችሁ ቬንቲሌተሩ ግራፍ ላይ ይሁን። ታካሚው ሲያስል፣ ማሽኑ በአንድ ሳብታ ሁለት ጊዜ ሲሰጥ፣ ወይም ታካሚው ስቦ ማሽኑ ሳይመልስለት ሲቀር ሰዓቱን ምልክት አድርጉ። መብራት ሄዶ ወደ ጄኔሬተር ከተዞረ ቅጂውን ጥላችሁ እንደገና ጀምሩ፤ አላርሙና ግርግሩ ታካሚውንም ሽቦውንም ይነካል።

13. በሞድ ለዩ፣ አትቀላቅሉ። ማሽኑ ሙሉ በሙሉ የሚተነፍስለት ታካሚ ትንፋሹ እንደ ሰዓት እኩል ስለሆነ ትንተናው ላይ ቀጭን፣ ሹል ጫፍ ይሰጣል። በፕሬዠር ሰፖርት ራሱ እየቀሰቀሰ የሚተነፍስ ሰው ትንፋሹ ስለሚለያይ ጫፉ ሰፊና ዝቅ ያለ ነው። መግቢያው ላይ የተነሳውን 31 እና 9 እዚህ መልሱት። ጠዋት በፕሬዠር ሰፖርት በደቂቃ 14 እየተነፈሰ፣ ከቀትር በኋላ ማስተኛ ተጨምሮለት፣ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ በሚተነፍስለት ቮሊዩም ኮንትሮል 24 ላይ ከነበረ፣ ትንፋሹ ፈጥኗል፣ የራሱ ትእዛዝ ደክሟል፣ የደረት ግፊቱንም አሁን የሚፈጥረው ማሽኑ ብቻ ነው። ሦስቱም ቁጥሩን ወደ ታች ይጎትቱታል፤ ልቡ ላይ ምንም ሳይደርስ።

14. ከማሽን በማላቀቅ ሙከራ ጊዜ ሦስት ጊዜ ቅዱ። አንዱን ሙከራው ከመጀመሩ በፊት፣ አንዱን ከተጀመረ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ደቂቃ፣ አንዱን በመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች። ሙከራው ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 120 ደቂቃ ይቆያል። ሙከራውን የማይወጡት ላይ መለዋወጡ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ ወጥመዱም ያለው እዚያው ላይ ነው። እየደከመ ያለ ታካሚ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ያጥራልም። ከ18 ወደ 32 ሲወጣ ድግግሞሹ ከ0.30 ወደ 0.53 ሄርዝ ይሄዳል። ሶፍትዌሩ የሚያየው ባንድ (የድግግሞሽ ክልል፤ ደረጃ 16ን እዩ) 0.40 ላይ ስለሚያበቃ የትንፋሹ ጉልበት ከመስኮቱ ወጥቶ ቁጥሩ ዜሮ ሊቃረብ ይችላል። የወደቀው የቬገስ ሥራ ነው ወይስ ትንፋሹ ከባንዱ ወጥቶ ነው? ሳትለዩ አትጻፉ። በነገራችን ላይ በዚያው ታካሚ የትንፋሹን ቁጥር ለታይዳል ቮሊዩሙ በሊትር አካፍሉት፦ 32 ለ0.30 ሲካፈል 107 ነው። ከ105 በላይ መሆኑ ያለ ምንም ሶፍትዌር ፈጣንና አጭር ትንፋሽ መሆኑን ይነግራችኋል።

ክፍል ሦስት፦ ማጽዳት፣ ማስላት፣ መጻፍ

15. ቁጥሩን ሳታዩ ምቶቹን እዩ። ሶፍትዌሩ ያወጣውን የምት ርቀት ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይን ተከተሉ። ለምን እንደሚያስፈልግ በስድስት ምት ብቻ ይታያል፦

812፣ 845፣ 880፣ 861፣ 820፣ 798 ሚሊሰከንድ። በተከታታዮቹ መካከል ያለው ልዩነት 33፣ 35፣ 19፣ 41 እና 22 ነው። እያንዳንዱን በራሱ ስታባዙና ስትደምሩ 4840፤ ለ5 ሲካፈል 968፤ ስኩዌር ሩቱ 31 ሚሊሰከንድ ገደማ። አርኤምኤስኤስዲ የሚባለው ይኸው ነው።

አሁን ሦስተኛውና አራተኛው ላይ አንድ ያለጊዜው የመጣ ምት አስገቡ፦ 812፣ 845፣ 520፣ 1220፣ 820፣ 798። ልዩነቱ 33፣ 325፣ 700፣ 400፣ 22 ይሆናል፣ ውጤቱም 389። አንድ ትርፍ ምት 31ን 389 አደረገው። ከጎረቤቶቹ በ20 በመቶ የሚርቅ ምት ሁሉ ይፈተሽ፤ ትርፍ ምት ከሆነ በአማካይ ይተካ። በደቂቃ 75 የሚመታ ልብ በ5 ደቂቃ 375 ምት ይሰጣል፤ ከ5 በመቶው፣ ማለትም ከ19 ምት በላይ ማረም ካስፈለጋችሁ ያንን ቅጂ ተዉትና ሌላ ቅዱ።

16. የትንፋሹን ቦታ ፈልጉ። የደቂቃውን ቁጥር ለ60 አካፍሉ። 9 ትንፋሽ 0.15 ሄርዝ፣ 12 ትንፋሽ 0.20፣ 24 ትንፋሽ 0.40 ነው። ከ0.15 እስከ 0.40 ያለው ከፍተኛው ባንድ ይባላል፣ የቬገስን ሥራ የሚያሳየውም ትንፋሹ እዚህ ውስጥ ሲወድቅ ብቻ ነው። በደቂቃ 6 የሚተነፍስ ሰው 0.10 ላይ ነው፤ ጉልበቱ ሁሉ ዝቅተኛው ባንድ ውስጥ ይገባል። ተረጋግቶ ዝግ ብሎ የሚተነፍሰውን ሰው ሶፍትዌሩ «ውጥረት ላይ ነው» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። በ30 የሚተነፍስ ደግሞ 0.50 ላይ ነው፤ ለእሱ የባንዱን የላይኛ ወሰን ከፍ አድርጉና ማድረጋችሁን ጻፉ።

አንድ ወሰን አለ፣ የሚታወሰው ለጥቂቶች ብቻ ነው። ልብ ትንፋሹን የምታሳየው በምቷ ስለሆነ፣ የትንፋሹ ቁጥር ከልብ ምቱ ግማሽ ሲበልጥ ሐሰተኛ ጫፍ ይፈጠራል። ልቡ 60 እየመታ ማሽኑ 35 ቢሰጠው ጫፉ በ35 ቦታ ሳይሆን በ25 ቦታ ይታያል። እንዲህ ያለውን ቅጂ በድግግሞሽ አትተንትኑ።

17. ሁሉንም በአንድ መስመር ጻፉ። ለምሳሌ፦ «አልጋ 4፣ ጠዋት 3:10–3:15 በእኛ ሰዓት፣ ቮሊዩም ኮንትሮል፣ የተሞላ 14፣ ጠቅላላ 14፣ 420 ሚሊሊትር፣ ፒፕ 5፣ ፕሮፖፎል ሳይቀየር 2 ሰዓት፣ ሰክሽን 2:20 ላይ፣ ልብ 88፣ አርኤምኤስኤስዲ 11፣ የታረመ ምት 3 ከ440»። ቁጥሩ ከመስመሩ ከተነጠለ ማንንም አይጠቅምም።

ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

የሞኒተሩን ስክሪን ቁጥር መጠቀም። ስክሪኑ ላይ ያለው የልብ ምት የብዙ ምቶች አማካይ ነው፤ የምንፈልገውን መለዋወጥ አለስልሶ አጥፍቶታል። ለደረጃ 7ም ቢሆን ከኢሲጂ ወረቀት ላይ ለኩ።

ኤሌክትሮዶቹ የሚያወጡትን የትንፋሽ መስመር ማመን። ሞኒተሩ በኢሲጂ ኤሌክትሮድ ትንፋሽን ይገምታል፤ ሲንቀሳቀስ ይሳሳታል፣ የልብ ምትንም ትንፋሽ ብሎ ሊቆጥር ይችላል። ማሽን ላይ ያለ ታካሚ ሲሆን የማሽኑን ግራፍ ተከተሉ።

ወፍራም፣ ጸጉራም የኢሲጂ መስመር። የመብራቱ 50 ሄርዝ ነው የገባው። ኧርዝ የሌለውን ማራዘሚያ ንቀሉ፣ የስልክ ቻርጀር ከአልጋው አርቁ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኢሲጂ ሽቦ ጎን ለጎን አይተኙ። ለኢሲጂው ብቻ የሚያገለግል መቅጃ ከሆነ በባትሪ አሠሩት። ቬንቲሌተሩን ግን ከሶኬት እንዳትነቅሉት።

ማራገቢያው። ከላይ የሚመጣው ንፋስ የኢሲጂውን ሽቦ በእኩል ጊዜ ሲያወዛውዘው መስመሩ ላይ ትንፋሽ የሚመስል ሞገድ ይተዋል። ድሬ ላይ ማራገቢያ ማጥፋት ጭካኔ ነው፤ ሽቦውን ደረትና አንሶላ ላይ በፕላስተር መያዝ ይበቃል።

የአንዱን ታካሚ ቁጥር ከሌላው ጋር ማወዳደር። ዕድሜ፣ መድኃኒት፣ ሞድና የትንፋሽ ቁጥር ካልተመሳሰለ ሁለት ሰዎች አይወዳደሩም። ታካሚውን ከትናንቱ ጋር አወዳድሩ፣ ያውም ማሽኑ በተመሳሳይ ሞድና በተመሳሳይ ጠቅላላ ቁጥር ላይ ከነበረ።